የእንግሊዝ ዲስትሪክት ካውንስል ምርጫ፦ ማን ይመርጣል? ምንስ ይወስናል?

ምርጫ ባለበት ዓመት፣ ማርች መጨረሻ አካባቢ፣ በበሩ የደብዳቤ ቀዳዳ አንድ ካርድ ይገባል። የመራጩ ስም፣ አድራሻ፣ የምርጫ ጣቢያውና ቀኑ ተጽፎበታል። ብዙ ቤት ውስጥ ይህ ካርድ ከፒዛ ማስታወቂያ ጋር ተደባልቆ ይጣላል። አዝናለሁ እንጂ አልፈርድም። "ምርጫ" ሲባል ሁላችንም ቀድሞ የሚመጣብን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ይህ ካርድ ግን የሚጠራው ለሌላ ምርጫ ነው። የቆሻሻ መኪናው በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚመጣ፣ ከቤትዎ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ አዲስ መንደር ይሠራ አይሠራ እንደሆነ የሚወስኑ ሰዎች የሚመረጡበት ነው።

ነገሩን ለማስረዳት አንድ አካባቢ ልያዝ። ሚድ ሰፎክ ይባላል። ከለንደን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄዱ የሚገኝ፣ እርሻና ትናንሽ ከተሞች የበዙበት ዲስትሪክት ነው። በ2021ዱ ቆጠራ 102,700 ያህል ሰው ይኖርበት ነበር። ትልቁ ከተማው ስቶውማርኬት ነው። የመረጥኩት በ2023 አገሩን ያስገረመ ውጤት ስለወጣበት ነው፤ እሱን ወደ ኋላ እንደርስበታለን። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዲስትሪክት ማለት ወረዳ ማለት ነው?

በግምት አዎ። ካውንቲ እንደ ዞን፣ ዲስትሪክት እንደ ወረዳ ቢባል ለመጀመሪያ ግንዛቤ ይበቃል። ግን ንጽጽሩ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። እኛ አገር ወረዳው ከበላይ አካል መመሪያ ይቀበላል። እንግሊዝ ውስጥ ካውንቲው የዲስትሪክቱ አለቃ አይደለም። አንድ ሰፈር ውስጥ እንዳሉ ዳቦ ቤትና ሥጋ ቤት ቢያስቧቸው ይሻላል። ደንበኞቻቸው አንድ ናቸው፤ የሚሸጡት ግን የተለያየ ነው፤ አንዱ የሌላው ቅርንጫፍ አይደለም።

ይህ አከፋፈል የመጣው በ1972 በወጣ ሕግ ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው ኤፕሪል 1 ቀን 1974 ነው። ሁሉም የእንግሊዝ አካባቢ ግን እንዲህ አይደለም። ለንደን ውስጥ ለምሳሌ ካውንቲ የሚባል የለም። 32ቱ ቦሮዎች አብዛኛውን የአካባቢ ሥራ ለብቻቸው ይሠራሉ፣ ምርጫቸውም በየአራት ዓመቱ ነው፤ 2018፣ 2022፣ 2026 እያለ ይሄዳል። በርሚንግሃም፣ ሊድስና ማንቸስተርም አንድ ምክር ቤት ብቻ ነው ያላቸው። ስለዚህ የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ትልልቅ ከተሞች ባለ አንድ ፎቅ ናቸው ማለት ነው። ሚድ ሰፎክ ያለበት ሥርዓት ደግሞ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ከታች ደግሞ የመንደር ጉዳይ የሚያይ ፓሪሽ ካውንስል የሚባል አለ፤ ሥልጣኑ ጥቂት ነው።

ታዲያ ማን ምን ይሠራል?

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዲስትሪክቱ ቆሻሻ ይሰበስባል። ካውንቲው የተሰበሰበውን ቆሻሻ ያስወግዳል። አዎ፣ ሁለት የተለያዩ ምክር ቤቶች ናቸው። ትምህርት ቤት፣ መንገድ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የአረጋውያንና የሕፃናት እንክብካቤ የካውንቲው ነው። የመኖሪያ ቤት ጉዳይ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የመራጮች ምዝገባ፣ የመዝናኛና የስፖርት ማዕከል የዲስትሪክቱ ነው። መንገዱ ላይ ጉድጓድ አለ ብሎ ዲስትሪክቱን የሚቀጣ መራጭ የተሳሳተ በር እያንኳኳ ነው።

ለእኛ ማኅበረሰብ በቀጥታ የሚነኩትን ሦስቱን ልጥቀስ። ከለንደን ውጭ በሁለት ፎቅ አካባቢ ታክሲ መንዳት የፈለገ ሰው ፈቃድ የሚያወጣው ከዲስትሪክቱ ነው። ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ኩሽናውን መጥቶ የሚያየው፣ መስኮት ላይ የሚለጠፈውን ከ0 እስከ 5 ያለ የንጽሕና ነጥብ የሚሰጠው የዲስትሪክቱ ሠራተኛ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ጥገኝነቱ ተፈቅዶለት ከመንግሥት ማረፊያ እንዲወጣ የተነገረው፣ መሄጃ ያጣ ሰው፣ ቤት አልባ ነኝ ብሎ የሚያመለክተው ለዲስትሪክቱ የቤቶች ክፍል ነው። እዚያ ጠረጴዛ ፊት የተቀመጠ ሰው ምን ዓይነት ምላሽ እንደሚያገኝ በከፊል የሚወሰነው በእነዚሁ ተመራጮች ፖሊሲና በጀት ነው።

ካውንስል ታክሱስ?

ካውንስል ታክስ ነዋሪው ለሚኖርበት ቤት የሚከፍለው የአካባቢ ግብር ነው። የክፍያ ደብዳቤውን የሚልከውና ገንዘቡን የሚሰበስበው ዲስትሪክቱ ነው። በዚህ ምክንያት ሁሉም ወደ እሱ ኪስ የሚገባ ይመስላል። አይገባም። በሁለት ፎቅ አካባቢ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ካውንቲው ነው። ፖሊስም ድርሻ አለው፣ ፓሪሹም ትንሽ ይወስዳል። ዲስትሪክቱ ጋ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ከ10 እጅ አንድ እጅ ገደማ ነው። ዕቁብ የሚሰበስበው ሰው ገንዘቡን ሁሉ ይዞ እንደማይሄድ ዓይነት ነው።

መጠኑ የሚሰላው ቤቱ በኤፕሪል 1 ቀን 1991 በነበረው ዋጋ ግምት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያለፈው ዋጋ! እንግሊዝ ውስጥ እስካሁን እንደገና አልተገመተም። ዲስትሪክቱ የራሱን ድርሻ እንደፈለገ መጨመርም አይችልም። መንግሥት ካስቀመጠው ጣሪያ በላይ ልጨምር ካለ ሕዝበ ውሳኔ መጥራት አለበት።

ፕላኒንግ ለምን ይህን ያህል ያጨቃጭቃል?

በዲስትሪክት ምርጫ ሰሞን በር ላይ የሚነሳው ትልቁ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ፕላኒንግ ማለት መሬት ላይ ምን እንደሚሠራና አንድ ሕንፃ ለምን አገልግሎት እንደሚውል የመፍቀድ ሥልጣን ነው። ጎረቤትዎ ቤቱን ወደ ኋላ ሲያስረዝም፣ ባለሀብቱ እርሻውን መንደር ሲያደርግ፣ ሱቁ ወደ ምግብ ቤት ሲቀየር ማመልከቻው የሚገባው ለዲስትሪክቱ ነው። ትንንሹን ሠራተኞች ይወስናሉ። ከባዱ ወደ ተመራጮቹ ኮሚቴ ይሄዳል። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ነዋሪ ቀርቦ ሊናገርም ይችላል።

ግን ሥልጣኑ ሙሉ አይደለም፤ ይህን ዕጩዎች ሁልጊዜ በግልጽ አይናገሩም። ኮሚቴው "ሰዉ አልወደደውም" ብሎ ብቻ ሊከለክል አይችልም። ሕጋዊ ምክንያት ያስፈልገዋል። ምክንያቱ ደካማ ከሆነ አመልካቹ ይግባኝ ይላል። በመንግሥት የተሾመ መርማሪም ውሳኔውን ሊገለብጥ ይችላል።

ከዚያም በላይ በጣም ትልልቅ ነገሮች ከእጁ ውጭ ናቸው። ከኖርዊች እስከ ቲልበሪ ሊዘረጋ የታቀደውን የከፍተኛ ኃይል ኤሌክትሪክ መስመር እንውሰድ። ምሰሶዎቹ በሚድ ሰፎክ መንደሮች መሐል እንዲያልፉ ነው የታቀደው፤ ነዋሪው ብዙ ተቃውሟል። የሚወስነው ግን ማዕከላዊው መንግሥት ነው። ዲስትሪክቱ አስተያየት ይሰጣል፣ ይከራከራል፤ ፊርማው ግን የእሱ አይደለም።

የዚህን ሥልጣን ጫፍ በደንብ ያሳየው ሌላ ጉዳይ የኤፒንግ ነው። ኤፒንግ ፎረስት በኤሴክስ የሚገኝ ዲስትሪክት ነው። በ2025 በጋ እዚያ አንድ ሆቴል ፊት ለፊት ተከታታይ ሰልፍ ተደረገ። ሆቴሉ ጥገኝነት ጠያቂዎች የሚያርፉበት ነበር። ሰልፉ የተጀመረው እዚያ ይኖር የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ በፆታዊ ጥቃት ከተከሰሰ በኋላ ነው፤ በኋላም ጥፋተኛ ተብሏል። ዜናው በእኛ ቤቶችም ብዙ ተወርቷል፣ በሀዘንም በፍርሃትም። ብዙዎቻችን ያላስተዋልነው የክርክሩን መሠረት ነው። ዲስትሪክት ካውንስሉ የስደት ፖሊሲ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። ስለዚህ ፍርድ ቤት የሄደው በፕላኒንግ ሕግ ነው፦ ሆቴል ሆኖ የተፈቀደ ሕንፃ ያለ አዲስ ፈቃድ ለሌላ አገልግሎት ውሏል አለ። ኦገስት 19 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጊዜያዊ እገዳ ሰጠ። ኦገስት 29 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እገዳውን አነሳው። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ዋናው ክስ ተሰምቶ ካውንስሉ ተረታ። ለግንባታና ለሕንፃ አጠቃቀም የተሰጠ ሥልጣን እስከ ስንት ድረስ ሊዘረጋ እንደሚሞከር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

ማን ነው መምረጥ የሚችለው?

ዕድሜው 18 የሞላ፣ በመራጭነት የተመዘገበና የአካባቢው ነዋሪ የሆነ ሰው። ቀጥሎ የዜግነት ጉዳይ ይመጣል። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናንብብ፣ ምክንያቱም ለእኛ ሰው ከሁሉም የሚቆጠቁጠው ይህ ነው።

የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጎች ይመርጣሉ። የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው የኮመንዌልዝ አገር ዜጎችም ይመርጣሉ፤ ኮመንዌልዝ አብዛኞቹ አባላቱ የቀድሞ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች የሆኑበት ማኅበር ነው። ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ናይጄሪያ፣ ጋና የኮመንዌልዝ አባል ናቸው። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሆና የማታውቀው ሩዋንዳም በ2009 ገብታለች። ኢትዮጵያ የለችበትም፤ ኤርትራም የለችበትም። ውጤቱ ይህ ነው፦ ባለፈው ዓመት የመጣ ኬንያዊ ጎረቤትዎ ሊመርጥ ይችላል። 15 ዓመት የኖረች፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላት፣ ካውንስል ታክስ ሳታዛንፍ የምትከፍል ኢትዮጵያዊት ግን አትችልም። የብሪታንያ ዜግነት እስክትወስድ ድረስ።

ዜግነቱ ደግሞ እንዲሁ የሚነሳ ዕቃ አይደለም። ክፍያው ከ1,500 ፓውንድ በላይ ነው። የቋንቋና ስለ አገሩ አኗኗር የሚጠይቅ ፈተና አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። የብሪታንያን የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን ያጣል፤ አገሩ ሲገባ በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በለመድነው አጠራር በቢጫ ካርድ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው "ለምን አልመረጥክም?" ሲባል ዝም ካለ፣ ዝምታው ስንፍና ላይሆን ይችላል። ከዚያ ካርድ ጀርባ የአንድ አገር ፓስፖርት መልቀቅ አለ።

ከስዊድን፣ ከሆላንድ ወይም ከጣሊያን የአውሮፓ ዜግነት ይዘው የመጡ ወገኖችም አሉን። ለእነሱ ደንቡ ከሜይ 2024 ወዲህ ጠብቋል። ከ2020 መጨረሻ በፊት ጀምሮ በሕጋዊ መንገድ የኖሩ መብታቸው አልተነካም። ከዚያ በኋላ የመጣ ግን መምረጥ የሚችለው አገሩ ከብሪታንያ ጋር የጋራ ስምምነት ካላት ብቻ ነው፤ እንደ ስፔን፣ ፖርቹጋልና ፖላንድ።

ሌላው የሚገርመው ይህ የእንግሊዝ ደንብ መሆኑ ነው። ስኮትላንድና ዌልስ የራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። በሁለቱም አገር በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋ፣ ከየትም ይምጣ፣ በአካባቢ ምርጫ ድምፅ ይሰጣል፤ ዕድሜውም ከ16 ይጀምራል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘች ሴት ዌልስ ካርዲፍ ወይም ስኮትላንድ ግላስጎው ብትኖር ትመርጣለች። ዕቃዋን ጭና እንግሊዝ ውስጥ ብሪስቶል ብትገባ አትመርጥም። ሰውየዋ አንድ ናት፣ ፈቃዷም አንድ ነው።

መምረጥ የሚችል ሰው መመዝገብ አለበት። ምዝገባው በራሱ አይመጣም። ከምርጫው 12 የሥራ ቀን በፊት ይዘጋል። በኢንተርኔት አምስት ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው፤ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥር ይጠየቃል። ለምርጫ ግድ የሌለው ሰው እንኳ አንድ ነገር ይወቅ፦ ባንኮች ብድር ሲጠየቁ ስሙ በመራጮች መዝገብ ላይ መኖሩን ያያሉ።

በምርጫው ቀን ምን ይደረጋል?

ቀኑ ሐሙስ ነው፤ የሜይ ወር የመጀመሪያው ሐሙስ። ጣቢያው ከጠዋቱ 7 ሰዓት እስከ ምሽቱ 10 ሰዓት ክፍት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 4። ቦታው ትምህርት ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም የመንደር ስብሰባ ቤት ሊሆን ይችላል። መጠጥ ቤት የሆነበትም አለ።

በፖስታ የመጣው ካርድ ግዴታ አይደለም። ግዴታው ፎቶ ያለው መታወቂያ ነው። ይህ በመላው እንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቀው በሜይ 2023ቱ የአካባቢ ምርጫ ነው። ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ የአረጋውያን የአውቶቡስ ካርድ ይሠራሉ። ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን ፎቶው እርስዎን ከመሰለ ይሠራል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ከተፈቀዱት ውስጥ የለም። ዜግነት ወስዶ የብሪታንያ ፓስፖርቱን ገና ያላወጣ ሰው እዚህ ላይ ሊቸገር ይችላል። ምንም መታወቂያ የሌለው ሰው ነፃ የመራጭ ማረጋገጫ ወረቀት ማውጣት ይችላል፤ ከምርጫው ስድስት የሥራ ቀን በፊት ማመልከት አለበት። ፊቷን የምትሸፍን ሴት ከፈለገች መታወቂያዋን በተከለለ ቦታ ለሴት ሠራተኛ ማሳየት ትችላለች። መሄድ የማይመቸው በፖስታ ወይም በውክልና ይመርጣል።

ውስጥ ሲገቡ ወረቀት ይሰጥዎታል። በእርሳስ የኤክስ ምልክት ያደርጋሉ፤ እስክሪብቶ ይዞ መሄድም ይቻላል። አጥፈው ሳጥኑ ውስጥ ይከታሉ። አለቀ። ቆጠራው በእጅ ነው። መጀመሪያ ከሳጥኑ የወጣው ወረቀት ብዛት ከተሰጠው ጋር ይመሳከራል፤ ለማን እንደተሰጠ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ዕጩዎችና ወኪሎቻቸው ቆመው ያያሉ።

ማን ነው የሚያሸንፈው?

ዲስትሪክቱ ዋርድ በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል። እንደ ቀበሌ ይቁጠሩት፣ ቢሮና ማኅተም የሌለው ቀበሌ። ሚድ ሰፎክ 26 ዋርድ አለው። አሥራ ስምንቱ አንድ አንድ ሰው ይልካሉ፣ ስምንቱ ሁለት ሁለት። ድምሩ 34 ይመጣል፤ የምክር ቤቱ መቀመጫ ያ ነው። ሁለት ሰው በሚልክ ዋርድ ውስጥ መራጩ እስከ ሁለት ምልክት ያደርጋል።

ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ግማሽ ማለፍ አይጠበቅበትም። አንድ ሺህ ሰው መረጠ እንበል። አንዱ 400፣ አንዱ 350፣ አንዱ 250 ቢያገኝ 400 ያገኘው ይገባል፤ 600 ሰው ባይፈልገውም። የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫም በዚሁ ደንብ ስለሚካሄድ ነገሩ አዲስ አይሆንብንም።

የዋርድ ቁጥሮች ትንንሽ ናቸው። በአካባቢ ምርጫ ከሦስት መራጭ አንዱ ገደማ ከወጣ የተለመደ ነው። ስለዚህ ልዩነቱ አንዳንዴ አሥርና ሃያ ድምፅ ነው። አንዳንዴ ዜሮ ነው። በሜይ 2017 በኖርዘምበርላንድ ካውንቲ ምርጫ፣ ሳውዝ ብላይዝ በተባለ ቦታ ሁለት ዕጩዎች እኩል 356 ድምፅ አገኙ። ሕጉ በዚህ ጊዜ ዕጣ ይጣል ይላል። ስንጥር ተመዘዘ፤ የሊበራል ዴሞክራት ፓርቲዋ ዕጩ ረጅሙን አወጣች። የተሸነፈው የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ ዕጩ ነበር። ያን አንድ መቀመጫ ቢያገኙ ኮንሰርቫቲቮች ምክር ቤቱን ለብቻቸው ይቆጣጠሩ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከቤት ቢወጣ ኖሮ ስንጥር ባልተፈለገ።

ለመወዳደርስ ምን ያስፈልጋል?

ከሚታሰበው ያነሰ። የሁለት የዋርዱ መራጮች ፊርማ ይበቃል። ለፓርላማ ዕጩ የሚጠየቀው 500 ፓውንድ ማስያዣ እዚህ የለም። ዕጩው 18 የሞላው፣ ለመመረጥ የሚያበቃ ዜግነት ያለው፣ አካባቢው ውስጥ የሚኖር ወይም የሚሠራ መሆን አለበት። የዚያው ካውንስል ተቀጣሪ ግን መሆን አይችልም። ያሸነፈ ሰው ደመወዝ የለውም፤ አበል ነው የሚሰጠው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ጡረተኞች ወይም ሌላ ሥራ ያላቸው ሰዎች የሆኑት።

ሚድ ሰፎክ ውስጥ ምን ተፈጠረ?

አካባቢው ለረጅም ጊዜ የኮንሰርቫቲቮች ቤት ነበር። በ2019 ምርጫ ከ34ቱ 16 መቀመጫ አገኙ። አካባቢ ጥበቃን የሚያስቀድመው ግሪን ፓርቲ 12፣ ሊበራል ዴሞክራት 5፣ አንድ ደግሞ የግል ዕጩ ገባ። ለብቻ ለመምራት 18 ያስፈልጋል። ማንም አልሞላም።

ሜይ 4 ቀን 2023 እንደገና ተመረጠ። ግሪን 24፣ ኮንሰርቫቲቭ 6፣ ሊበራል ዴሞክራት 4። በብሪታንያ ታሪክ ግሪን ፓርቲ አንድን ምክር ቤት በሙሉ አብላጫ ሲይዝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ያውም ወጣትና ተማሪ የሞላበት ትልቅ ከተማ ውስጥ ሳይሆን ገበሬ አገር! ፓርቲውን የከተማ ሰው ፓርቲ አድርጎ ያየው የነበረ ሁሉ ቆም ብሎ አሰበ።

እንዴት ሆነ? መጀመሪያ፣ ከሰማይ የወረደ አልነበረም። ቀድሞ 12 ሰው አስገብተዋል። እነዚያ 12 ሰዎች አራት ዓመት ሙሉ በየዋርዳቸው የሚታወቁ፣ ስልካቸው የሚነሳ ሰዎች ነበሩ። ሁለተኛ፣ በዚያ ሰሞን በአገር ደረጃ የኮንሰርቫቲቭ መንግሥት ተዳክሞ ነበር፤ በ2022 ብቻ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትር ታይቷል። ሦስተኛው የአቆጣጠሩ ባሕርይ ነው። በትንሽ ዋርድ ውስጥ በትንሽ ልዩነት መቅደም ብዙ ቦታ ከተደገመ፣ መቀመጫው ከድምፁ ድርሻ በላይ ያብጣል። ከ12 ወደ 24 የተዘለለው መራጩ እጥፍ ሆኖ እንዳይመስልዎ።

ከተመረጡ በኋላ አንዲ ሜለን የተባሉት የግሪን አባል መሪ ሆኑ። መሪውን ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጥም፤ አባላቱ ከመካከላቸው ይሰይማሉ። መሪው ደግሞ ካቢኔ ያዋቅራል። እያንዳንዱ ቤቶች፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ገንዘብ እያለ ዘርፍ ይይዛል። የቀሩት አባላት ይጠይቃሉ፣ ይቆጣጠራሉ። ማንም 18 ባይሞላ ኖሮ ፓርቲዎች ይደራደሩ ነበር፤ ድምፅ እኩል ሲሆን ደግሞ ሰብሳቢው ሁለተኛ ድምፅ ይሰጣል።

ነገሩ እዚያ አልቆመም። ሰሜናዊው የሚድ ሰፎክ ክፍል የተጠቃለለበት ዌቭኒ ቫሊ የሚባል አዲስ የፓርላማ ምርጫ ክልል በ2024 ተፈጠረ። ጁላይ 4 ቀን 2024 በተደረገው አጠቃላይ ምርጫ የግሪኑ ኤድሪያን ራምዚ አሸነፉበት። ለቆሻሻ ቢንና ለግንባታ ፈቃድ ሲንኳኳ የኖረው በር ለዌስትሚንስተርም፣ ማለትም ለፓርላማው፣ ተከፈተ።

ይህ ምክር ቤት ይቀጥላል?

ዲሴምበር 2024 የብሪታንያ መንግሥት ባለ ሁለት ፎቁን ሥርዓት ከእንግሊዝ ለማጥፋት ዕቅድ አወጣ። ካውንቲና ዲስትሪክት ቀርተው አንድ ምክር ቤት ሁሉንም ይሠራል። ምክንያቱ ወጪ መቀነስና ሰው የትኛው ቢሮ እንደሚሄድ እንዳይወናበድ ማድረግ ነው። ለዚሁ ዝግጅት ተብሎ በሜይ 2025 ሊደረግ የነበረው የሰፎክ ካውንቲ ምርጫ ተላለፈ። ኤሴክስ፣ ኖርፎክና ሌሎችም አብረው ተላልፈዋል። ብዙ ሰው "የመምረጥ መብቴ ለምን ይዘገያል?" ብሎ ተቆጣ።

የተቃዋሚዎቹ ሥጋት ርቀት ነው። ዛሬ ሚድ ሰፎክ ውስጥ አንድ የምክር ቤት አባል 3,000 ያህል ነዋሪ ይወክላል። ብዙውን በመልክ ያውቀዋል። መንግሥት ለአዲሶቹ ምክር ቤቶች መነሻ አድርጎ ያስቀመጠው 500,000 ሕዝብ ነው። ዲስትሪክት የሚለው ስም ሲጠፋ ቢኑ መነሳቱን ይቀጥላል፣ የታክሲ ፈቃዱም ይወጣል፣ ካርዱም በበር ቀዳዳ ይገባል። ካርዱ ላይ የሚጻፈው የምክር ቤት ስም፣ ያ ምክር ቤት የሚያስተዳድረውም የሕዝብ ብዛት ይቀየራል።